ከ13 ወደ 12፦ የቡሶላ ምርጫ በአዲስ አበባ ጋራዦች ትዝታ

በጋራዥ ቋንቋ ቡሶላ የሚባለው መሣሪያ፣ ባንድ በኩል የቡሎን ራስ ወይም ዳዶ የሚውጥ ባለ ማዕዘን አፍ፣ በሌላው በኩል ደግሞ እጀታ የሚገባበት አራት ማዕዘን ቀዳዳ ያለው አጭር የብረት ቱቦ ነው። ተራው ቁልፍ ዳዶውን ከሁለት ጎኑ ብቻ ሲነክስ ቡሶላ ዙሪያውን ስለሚያቅፈው፣ እጅ በማይደርስበት ጠባብ ቦታም ሆነ ዝገት ባጣበቀው ብረት ላይ መካኒክ የሚተማመነው በእርሱ ነው። ይሁን እንጂ ቡሶላ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም፤ በሚሊሜትር ወይም በኢንች የተለካ፣ ባለ ስድስት ወይም ባለ አሥራ ሁለት ማዕዘን፣ አጭር ወይም ረዥም፣ ለእጅ ወይም በአየር ግፊት ለሚሠራ መፍቻ የተዘጋጀ ሊሆን ይችላል። ከእነዚህ መካከል መምረጥ ሙሉ ሳጥን በአንድ ቀን ለሚገዛ ሰው ቀላል ቢመስልም፣ መሣሪያ ፍሬ በፍሬ ይሰበሰብ በነበረበት ዘመን ግን የሙያው ግማሽ ነበር።

ያረጀ የቡሶላ ሳጥን ሲከፈት የትኛው ቁጥር አፉ እንደተበላ፣ የትኛው እንደጠፋ፣ የትኛውስ እንደተገዛ እንደሚያብለጨልጭ ያስተዋለ ሰው፣ አገሪቱ በየትኛው ዘመን ከማን መኪና ታስመጣ እንደነበር ከጉምሩክ መዝገብ ባላነሰ ሊረዳ ይችላል። የቡሶላ ትዝታ ከመሣሪያነቱ ያለፈ ነገር የሚኖረው በዚህ የተነሣ ነው፤ መካኒኩ መረጠ ሲባል አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የመረጠለት መኪናውን የላከው አገር ነበርና።

ስሙ ራሱ የመጣበትን መንገድ ይናገራል። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየው የጣሊያን ወረራ ዘመን የጦር ካሚዮኖች ከነመጠገኛቸው ወደ አገር ሲገቡ የመሣሪያውና የመለዋወጫው ስም አብሮ ገባ፤ ወራሪው ሲባረር ቃላቱ ቀሩ። ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ክሪክ፣ ሴጌቶ፣ ዳዶ፣ ቴስታታ፣ ባሌስትራ የሚሉት ስሞች ጣሊያንኛ አንድም ዓረፍተ ነገር በማይናገሩ ሰዎች አፍ ለሦስትና ለአራት ትውልድ ሲወርዱ ኖረዋል። ካንዴላ በጣሊያንኛ ሻማ ማለት ሲሆን በጋራዥ ግን ቤንዚንና አየሩን የሚያቀጣጥለው የእሳት ብልጭታ ሰጪ ነው፤ ቡሶላም በዚያው ቋንቋ የመርከበኛውን አቅጣጫ ጠቋሚ ጭምር የሚያመለክት ቃል ነው። የዕቃውን ስም ከጣሊያን የወሰደ ጋራዥ ግን መለኪያውንም ከጣሊያን ብቻ አልወሰደም፤ ችግሩም የተፈጠረው ከዚህ ነው።

የመለኪያው ግራ መጋባት መነሻ እንግሊዛዊው ጆሴፍ ዊትዎርዝ እ.ኤ.አ. በ1841 ለቡሎን ጥርስ ያቀረበው ወጥ ሥርዓት ነው። በዚህ ሥርዓት በቡሶላው ላይ የሚጻፈው ቁጥር የአፉን ስፋት ሳይሆን የቡሎኑን ግንድ ውፍረት ያመለክታል፤ ስለዚህ 1/4 የተጻፈበት የዊትዎርዝ ቡሶላ አፉ ሲለካ ሩብ ኢንች ሳይሆን ከ13 ሚሊሜትር በጥቂቱ የሚበልጥ ሆኖ ይገኛል። አሜሪካኖች በበኩላቸው በኢንች ቢለኩም የሚጽፉት የቡሎኑን ራስ ስፋት፣ ማለትም ትይዩ በሆኑ ሁለት ጎኖች መካከል ያለውን ርቀት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1948 ጀምሮ የተሠሩት የመጀመሪያዎቹ ላንድሮቨሮች የእንግሊዙን ዓይነት ይዘው ሲመጡ፣ በ1945 ዓ.ም. ከተፈረመው የወታደራዊ ርዳታ ስምምነት በኋላ የገቡት የአሜሪካ ወታደራዊ ተሽከርካሪዎች የአሜሪካኑን ኢንች አመጡ፤ ፊያትና ቮልስ ዋገን ደግሞ በሚሊሜትር የተሠሩ ነበሩ። በዚህ ሁኔታ አንድ ጋራዥ ውስጥ «ግማሽ አቀብለኝ» የሚል ቃል ሲሰማ፣ ረዳቱ መጀመሪያ ማየት የነበረበት የመሣሪያ ሳጥኑን ሳይሆን የቆመውን መኪና ነበር።

ሦስቱንም ዓይነት ሙሉ በሙሉ የመግዛት አቅም ያለው ጋራዥ ጥቂት ስለነበር ከመጻሕፍት ይልቅ በእጅ የሚተላለፍ የመቀራረብ ዕውቀት ተፈጠረ። 3/4 ኢንች 19.05 ሚሊሜትር ስለሆነ 19 ቁጥር ቡሶላና 3/4 አንዱ በሌላው ቦታ ያለ ስጋት ይገባል፤ 5/16 ኢንችም 7.94 ሚሊሜትር በመሆኑ 8 ቁጥር ይዞት ይዞራል። 5/8 ኢንች 15.88 ስለሆነ 16 ቁጥር ቢጠብቅም ባይጠብቅም ይሠራል። ግማሽ ኢንች ግን 12.7 ሚሊሜትር ነው፤ 13 ቁጥር ሲገባበት ሦስት አሥረኛ ሚሊሜትር ክፍተት ይተዋል፤ ይህም ለዓይን ምንም የማይመስል፣ ላልጠበቀ ዳዶ የማያሰጋ፣ ለዛገ ዳዶ ግን የጥፋት መጀመሪያ የሆነ ክፍተት ነው። በዚህ ጸሐፊ ግምት የዚያ ዘመን መካኒክ ትልቁ ብልሃት የሚቀራረበውን ማወቁ አልነበረም፤ የሚቀራረበው መቼ እንደማይበቃ ማወቁ ነበር እንጂ።

ከመለኪያው ቀጥሎ የሚመጣው የማዕዘን ቁጥር ምርጫ ሲሆን፣ በእርግጥ የተሳሳተውም ብዙ ሰው በዚህ ላይ ነው። የተለመደው ዳዶ ስድስት ጎን ስላለው ባለ ስድስት ማዕዘን ቡሶላ በ60 ዲግሪ ልዩነት፣ ባለ አሥራ ሁለት ማዕዘኑ ግን በ30 ዲግሪ ልዩነት ሊገባበት ይችላል። እጀታው ዝም ብሎ የብረት ዘንግ በነበረበት ጊዜ ይህ ልዩነት ከባድ ትርጉም ነበረው፤ እጀታውን ለማዞር ትንሽ ቦታ ብቻ ባለበት የሞተር ጥግ፣ ጥቂት አዙሮ አውጥቶ እንደገና ለማስገባት ባለ አሥራ ሁለቱ ግማሽ ድካም ያስቀራል። በዚያ ላይ አሥራ ሁለት ለአራትም ስለሚካፈል፣ በድሮ ማሽኖችና በእርሻ መሣሪያዎች ላይ የሚገኘውን ባለ አራት ጎን ራስ ጭምር መያዝ ይችላል። በድሮ ሳጥኖች ውስጥ ባለ አሥራ ሁለቱ የበዛውም ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

ዋጋው ግን ነበረው። ባለ አሥራ ሁለት ማዕዘን አፍ ውስጥ እያንዳንዱ ጥርስ ጠባብና ጥልቀት የሌለው ስለሆነ የሚገፋው የዳዶውን የማዕዘን ጫፍ ብቻ ነው፤ ኃይሉ በጠባብ ቦታ ላይ ሲከማች ብረቱ ይታጠፋል፤ ማዕዘኑ ይላጣል፤ ከዚያ በኋላ ዳዶው ወደ ክብነት እየተለወጠ ቡሶላው በላዩ ላይ ይሽከረከራል። ባለ ስድስቱ የዳዶውን ጎን ሰፋ አድርጎ ስለሚይዝ ለዛገና ለተበላ ራስ የሚሻለው እርሱ ነው። ጥርሳማ እጀታ፣ ማለትም ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ይዞ ወደ ሌላው በባዶ የሚመለሰው ራቼት፣ በየጋራዡ ከተለመደ በኋላ ደግሞ የባለ አሥራ ሁለቱ ብልጫ በአብዛኛው ጠፍቷል፤ 24 ጥርስ ያለው ራቼት በ15 ዲግሪ፣ 72 ጥርስ ያለው በ5 ዲግሪ እንቅስቃሴ ብቻ ቀጣዩን ጥርስ ስለሚይዝ፣ ቡሶላውን እያወጡ መመለስ አያስፈልግም። ባለ አሥራ ሁለቱ የእጀታውን ድክመት ለመሸፈን ጠቃሚ የነበረ መፍትሔ ነው ማለት ነው፤ እጀታው ከተሻሻለ በኋላም ለረዥም ዓመታት በሳጥኑ ውስጥ መቆየቱ ግን ከጥቅሙ ይልቅ ከልማድ የመነጨ ይመስላል።

የዚህ ልዩነት ክብደት በግልጽ የታየው በቮልስ ላይ ነበር። የቮልስ ዋገን ቢትል የኋላ ፍሬን ከበሮ እንዲወጣ በአክሱ ጫፍ ያለው 36 ቁጥር ዳዶ መፈታት ነበረበት፤ ይህ ዳዶ ሲጠበቅ ወደ 300 ኒውተን ሜትር የሚጠጋ ኃይል ይጠይቃል፤ ማለትም የአንድ ሜትር እጀታ ጫፍ ላይ 30 ኪሎ ግራም እንደማንጠልጠል ያህል ነው። ዓመታት ከአቧራና ከውሃ ጋር ሲያልፉ ለመፍታት የሚያስፈልገው ኃይል ከዚህ እጅግ ይበልጣል። ስለዚህ በእጀታው ላይ የውሃ ቧንቧ ቱቦ ይሰካና ሁለት ሰው ይጫነዋል፤ ለግማሽ ኢንች ቀዳዳ የሚሆን እጀታ አንገቱ ሊቆረጥ ይችላል፤ ባለ አሥራ ሁለት ማዕዘኑ ደግሞ ዘልሎ ጣትን ከጭቃ መከላከያው ጋር ያጋጫል። 3/4 ኢንች ቀዳዳ ያለው ወፍራም ባለ ስድስት ማዕዘን ቡሶላ ምን ማለት እንደሆነ ለማስረዳት ከዚህ ዳዶ የተሻለ መምህር አልነበረም። የተላጠ ዳዶ ሲገጥም የነበረው ሕክምናም የሚታወስ ነው፦ ናፍጣ አርከፍክፎ ማሳደር፣ በሴጌቶ አዲስ ጎን ማውጣት፣ በመሮ እየመቱ ማዞር፣ ካልሆነም በላዩ ላይ ሌላ ዳዶ በይዶ መፍታት። በጥቂቱ የሚያንስ አሮጌ ባለ አሥራ ሁለት ማዕዘን ቡሶላ በመዶሻ ተመትቶ እንዲገባ ማድረግም አንዱ መላ ነበር፤ በሽታውን ያመጣው መሣሪያ እንዲህ አልፎ አልፎ መድኃኒቱም ይሆን ነበር።

በደርግ ዘመን የላዳ መብዛት ሳጥኑን ለጊዜው አንድ ዓይነት አደረገው፤ ከሁሉ ይልቅ የሚያስገርመው የመለኪያው ጉዞ ነው። ላዳ የተሠራችው በፊያት 124 መሠረት ሲሆን፣ የተመረተችውም በቮልጋ ወንዝ አጠገብ በጣሊያናዊው ኮሚኒስት በፓልሚሮ ቶሊያቲ ስም በተሰየመችው ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ ነበር። አዲስ አበባ ስትደርስ ሰማያዊና ነጭ ቀለም የተቀባች ታክሲ ሆነች፤ ክፍሎቿን በጣሊያንኛ ስም የሚጠራ መካኒክም ሞተሯን ከፍቶ የጠበቀውን መለኪያ አገኘ። 10፣ 13፣ 17 እና 19 ቁጥር በእጁ ያለ ሰው የላዳን አብዛኛውን ክፍል መፍታት ይችል ነበር። ከእነዚህ ውስጥ 13 ንጉሥ ነበር፤ የጭስ ማውጫው፣ የካርቡራተሩና የሌላውም ብዙ ክፍል ዳዶ እርሱን ስለሚጠይቅ፣ ከዚያ ዘመን በቀሩ ሳጥኖች ውስጥ አፉ ተበልቶ ውስጡ ወደ ክብነት ያዘነበለ ቡሶላ ቢገኝ 13 ቁጥር የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። ከሳጥን ውጭ የሚፈለገው አንድ ብቻ ነበር፤ የክራንክ ዘንጉን ጫፍ የሚይዘው ባለ 38 ቁጥር ዳዶ በተራ ሳጥን ውስጥ ስለማይገኝ፣ እርሱን ብቻ መያዝ ለአንድ ጋራዥ ክብር ነበር።

ቀጥሎ የመጣው የጃፓን መኪና ነው፤ ኮሮላ፣ ሃያስ፣ ሃይለክስና ላንድክሩዘር ከተማውንና ገጠሩን ሲሞሉ፣ ላዳ ላይ ያደገ መካኒክ ሚሊሜትር ሚሊሜትር ነው ብሎ ቢጀምርም፣ 13 ቁጥሩ በዳዶው ላይ በባዶ ሲሽከረከር አየ። ምክንያቱ የጃፓን የኢንዱስትሪ ደንብ ለተመሳሳይ የቡሎን ግንድ ያነሰ ራስ መስጠቱ ነው፤ 8 ሚሊሜትር ለሚወፍር ቡሎን የአውሮፓ መለኪያ 13 ሲሆን የጃፓኑ 12 ነው፤ 10 ሚሊሜትር ለሚወፍረው የጀርመኑ ደንብ 17፣ የጃፓኑ 14 ነው፤ 12 ሚሊሜትር ለሚወፍረው የጀርመኑ 19፣ የጃፓኑ 17 ነው። ከራሱ የሚቀነሰው ብረት ክብደትንና ወጪን ሲቀንስ፣ በጠባብ የሞተር ክፍል ውስጥም ለመሣሪያው ቦታ ይተዋል። ለመካኒኩ ግን ይህ ማለት እስከዚያ ድረስ እንደ ዋና ይቆጠር የነበረው 13 ቁጥር ሥራ ፈትቶ፣ ቀድሞ እንደ ትርፍ ይታዩ የነበሩት 12ና 14 የዕለት እንጀራ መሆናቸው ነው። የጎማውም ዳዶ በቶዮታ 21 ቁጥር ሆነ። በሁለቱም ዓለም ሳይለወጥ የቀረው 10 ቁጥር ነበር፤ 6 ሚሊሜትር ለሚወፍረው ቡሎን ጀርመኑም ጃፓኑም የሚስማሙበት ስለሆነ ከሁሉ በላይ የሚነሣው እርሱ ነው፤ ከሁሉ በላይ የሚጠፋውም እርሱ መሆኑ የሚያስደንቅ አይደለም፤ በየመንገዱ የወደቀው 10 ቁጥር ቢሰበሰብ አንድ ካሚዮን ይሞላል ቢባል የሚከራከር መካኒክ አይገኝም።

ስለ ርዝመት ብዙ ማለት አያስፈልግም። ከዳዶው በላይ ረዝሞ የወጣ ግንድ ባለበት፣ ለምሳሌ ባሌስትራን ከአክስ ጋር በሚያስረው በታጠፈ ብረት ጫፍ ላይ፣ አጭር ቡሶላ ግንዱን ስለማይውጥ ረዥሙ ግዴታ ነው። ለካንዴላ የሚሆነው ረዥም ቡሶላ ውስጡ ላስቲክ ያለው ሲሆን፣ ላስቲኩ ነጩን ሸክላ ከመሰበር ይጠብቃል፤ ፈቶ ሲያወጣውም ካንዴላውን ይዞ ይወጣል። የቀድሞው 13/16 ኢንች፣ የአሁኑ ደግሞ በአብዛኛው 16 ሚሊሜትር ነው። ያለ ቦታው ረዥሙን መጠቀም ግን እጀታውን ከዳዶው ስለሚያርቀው ማዘንበልን ያመጣል፤ የዘነበለ ቡሶላ ደግሞ ማዕዘን ይልጣል።

በጎሚስታ ቤቶች በአየር ግፊት የሚሠራ መፍቻ መለመዱ ያመጣው ምርጫ ግን ከልብ ሊታሰብበት የሚገባ ነበር። የእጅ ቡሶላ በአብዛኛው ከክሮምና ከቫናዲየም ጋር ከተቀላቀለ ብረት የሚሠራ፣ ግድግዳው ቀጭን፣ ላዩ የሚያብለጨልጭ ነው፤ ይህ ብረት ጠንካራ ስለሆነ ሳይበላ ይቆያል፤ ነገር ግን ፈጣንና ተደጋጋሚ ምት ሲያርፍበት እንደ ብርጭቆ ተሰንጥቆ ሊፈናጠር ይችላል። ለአየር መፍቻ የተሠራው ከክሮምና ከሞሊብዲነም ጋር የተቀላቀለ፣ ወፍራም፣ ላዩ ጥቁርና የማያብለጨልጭ ሲሆን፣ ምቱን በመጠኑ እየዋጠ እንዲሠራ ሆኖ የተዘጋጀ ነው። በጎኑ ላይ ያለችው ትንሽ ቀዳዳ ቡሶላው ከመፍቻው እንዳይወረወር ፒን የሚገባባት ናት። ገበያ ላይ የሚያብለጨልጨው ቆንጆ፣ ጥቁሩ ያልተጠናቀቀ መስሎ ይታይ ስለነበር፣ ገዢው ለዓይኑ ያማረውን ይዞ ሄዶ በማይመጥነው ሥራ ላይ ያውለው ነበር። የዓይን መከላከያ መነጽር ደግሞ በዚያን ጊዜ ጋራዥ ውስጥ የቅንጦት ዕቃ ነበር።

የግዢው መንገድም ለምርጫው ቅርጽ ሰጥቶታል። ሙሉ ሳጥን በአንድ ጊዜ መግዛት የመንግሥት መሥሪያ ቤት ወይም የትልቅ ድርጅት ዕድል ሲሆን፣ ጀማሪ መካኒክ ከምን አለሽ ተራ ወይም ከሶማሌ ተራ አካባቢ ፍሬ ፍሬውን ይለቅም ነበር፤ አንዱ ጀርመን፣ አንዱ ሩሲያ፣ አንዱ የማን እንደሆነ የማይታወቅ። ይህን የሚቻል ያደረገው አንድ ነገር ነው። አሜሪካዊው ጆሴፍ ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1920 ስናፕ ኦን የተባለውን ድርጅት ሲመሠርት ያቀረበው ሐሳብ፣ እያንዳንዱ ቡሶላ የራሱ እጀታ ከሚኖረው ይልቅ አምስት እጀታዎች ለአሥር ቡሶላዎች እየተለዋወጡ ይሥሩ የሚል ነበር። ለመለዋወጥ ደግሞ የሁሉም ቀዳዳ አንድ ዓይነት መሆን አለበት፤ ያም ቀዳዳ በኢንች ሆኖ በዓለም ሁሉ ጸና። 1/4፣ 3/8፣ 1/2፣ 3/4 እና 1 ኢንች የሆኑት እነዚህ መጠኖች ጀርመኑም ጃፓኑም ሩሲያውም የሚሊሜትር ቡሶላውን የሚሠራባቸው ናቸው። ስለዚህ ምን አለሽ ተራ የተለቀመው የሩሲያ 13 ቁጥር የጃፓኑን ራቼት ያለ ክርክር ይቀበል ነበር፤ በአንደኛው ጫፉ ሚሊሜትር፣ በሌላው ጫፉ ኢንች የሆነ ዕቃ መሆኑን ግን ብዙ ጊዜ ልብ የሚለው አልነበረም።

በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ ሳጥኑ ሌላ ዘመን እየጀመረ ነው። በኤሌክትሪክ መኪና ውስጥ ካንዴላ ስለሌለ ለእርሱ የተሠራው ባለ ላስቲክ ረዥም ቡሶላ የሚጠብቀው ሥራ በአሮጌዎቹ መኪናዎች ዕድሜ የተወሰነ ነው። በምትኩ የሚገባው፣ ከፍተኛ የኤሌክትሪክ ኃይል ባለው ባትሪ አካባቢ እጅን ለመጠበቅ ቀይ ወይም ብርቱካናማ መከላከያ የለበሰና 1000 ቮልት ተብሎ የተጻፈበት ቡሶላ ነው፤ ከላዩ መከላከያ በታች አፉ ባለ ስድስት ማዕዘን ነው፤ ከበስተጀርባው ያለው ቀዳዳም ሲለካ ያው 3/8 ወይም ግማሽ ኢንች ሆኖ ይገኛል።